የዋዜማ ገበያተኛ አንሁን



ጽሑፏ ረዘም ትላለች። ጊዜ ስታገኙ አንብቧት።

ሰሞኑን በኢንቦክስ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ከሒሳብ ትምህርት ወጥተው ወደ ገንዘብ ገብተዋል። «ቲቸር፣ የቴሌ አክሲዮን ያዋጣል?» «ቲቸር፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሜ ብር ልኳል፤ ባንክ በጊዜ ገደብ ላስቀምጠው ወይስ ሆሳዕና ቦታ ልግዛበት?» «ቲቸር፣ የባንክ አክሲዮኔን ሸጬ ቦንድ ልግዛ እንዴ? ሰው ሁሉ ወደዚያ እየሄደ ነው ይባላል።» እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የባንክ ባለሙያ አይደለሁም። ይህን ግዙ፣ ያንን ሽጡ ብዬ የማንንም ገንዘብ አልመራም። ግን ጥያቄዎቹን አንድ ላይ ሳያቸው አንድ ነገር ገረመኝ። ሁላችሁም የምትጠይቁት «አሁን ሰው ገንዘቡን ወዴት እየወሰደ ነው?» ብላችሁ ነው። «ይህን ገንዘብ የምፈልገው መቼ ነው?» ብሎ የጻፈልኝ ሰው ግን እስካሁን የለም።

የዛሬው ጽሑፌ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አንዱ ቤት ይሠራል፣ ሌላው ቤት ያፈርሳል።

በበጋችን እንጀምር። የዶዮገና በግ በአገር የታወቀ ነው፤ ስለ በግ ገበያ ለእናንተ አላስተምርም። ዋጋው መቼ እንደሚወጣ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የመስቀል ዋዜማ፣ የገና ዋዜማ፣ የፋሲካ ዋዜማ። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ያው በግ፣ ያው ጸጉር፣ ያው ላት፣ በቅናሽ ይሄዳል። አሁን አንድ ነጋዴ አስቡልኝ። በየበዓሉ ዋዜማ ገበያው ሲደምቅ አይቶ ይገዛል፤ በበዓሉ ማግስት ገበያው ሲቀዘቅዝ ደንግጦ ይሸጣል። ይሄን ሰው ብታዩት «ምን ነክቶት ነው?» ነው የምትሉት። ዘመድ ካለው ሽማግሌ ይላክበታል።

ታዲያ በትልቁ ዓለም፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይዘው፣ ኮምፒውተርና አማካሪ ያላቸው ሰዎች በየጊዜው ይህንኑ ያደርጋሉ ብላችሁ ታምናላችሁ? ማስረጃው በቁጥር አለ። ወደ ቁጥሩ ከመግባቴ በፊት ግን ሁለት ሦስት ቃላት ላስረዳ።

ሚውቹዋል ፈንድ የሚባለውን ነገር በቅርጫ አስቡት። አንድ ሰው ብቻውን በሬ መግዛት አይችልም፤ አሥር ሆነው ያዋጣሉ፣ በሬው ይገዛል፣ እያንዳንዱ መደብ ከሽንጡም ከጎድኑም ከጉበቱም ይደርሰዋል። ሚውቹዋል ፈንድም እንዲሁ ነው። ብዙ ሺህ ሰዎች ገንዘብ ያዋጣሉ፣ አንድ ፈቃድ ያለው ድርጅት በገንዘቡ የብዙ ኩባንያዎችን ሰነድ ይገዛል፣ እያንዳንዱ አዋጪ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል። ልዩነቱ ቅርጫ ታርዶ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ፈንዱ ግን አይታረድም። ሰው በፈለገው የሥራ ቀን «መደቤን በዛሬው ዋጋ ስጡኝ» ብሎ መውጣት ይችላል፤ አዲስ ሰውም ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ይህ አሠራር ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ።

ፈንዱ የሚገዛው አክሲዮን ከሆነ የአክሲዮን ፈንድ፣ ቦንድ ከሆነ የቦንድ ፈንድ ይባላል። አክሲዮን የባለቤትነት ቁራሽ ነው፤ ድርጅቱ ሲያተርፍ ታተርፋለህ፣ ሲከስር ትከስራለህ። ቦንድ ብድር ነው፤ ለመንግሥት ወይም ለድርጅት ታበድራለህ፣ ወለድ ይከፈልሃል፣ ቀኑ ሲደርስ ዋናው ይመለስልሃል። ስለዚህ ሰው ሲፈራ ከአክሲዮን ወጥቶ ወደ ቦንድ ይሮጣል፤ ሲጎመጅ ደግሞ ከቦንድ ወጥቶ ወደ አክሲዮን ይሮጣል። የገንዘቡ ጉዞ ባጭሩ ይኸው ነው፤ በፍርሃትና በጉጉት መካከል የሚደረግ ምልልስ።

አሁን ወደ ቁጥሩ።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2007 የአሜሪካ 500 ትልልቅ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚለካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው መለኪያ 1,565 ላይ ነበር። የቤት ብድር ቀውሱ መጣ፤ በሴፕቴምበር 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ የገንዘብ ድርጅት ወደቀ፤ በማርች 2009 መለኪያው ወደ 676 ወረደ። ከመቶ ሃምሳ ሰባቱ ጠፋ ማለት ነው። በዚያው በ2008 አሜሪካውያን ከአክሲዮን ፈንዶች ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጡ። በቀጣዩ ዓመት በ2009 ደግሞ ወደ ቦንድ ፈንዶች ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገቡ። ልብ በሉ፤ 2009 እኮ አክሲዮን ከወደቀበት ተነስቶ ዓመቱን ከ20 በመቶ በላይ ጨምሮ የዘጋበት ዓመት ነው። በጉ በቅናሽ በሚሸጥበት ሳምንት ሰው ገበያውን ለቆ ወጣ። መለኪያው በማርች 2013 የቀድሞ ከፍታውን አለፈ። ገንዘቡ ወደ አክሲዮን ፈንዶች በብዛት መመለስ የጀመረው መቼ ነው? በዚያው በ2013። ገበያው ከእጥፍ በላይ ከጨመረ በኋላ ማለት ነው።

የክፍል ሥራ ላድርገው። ሁለት ሰዎች 100,000 ብር 100,000 ብር ነበራቸው እንበል። ሁለቱም በዚህ መውደቅ ውስጥ ገቡና ገንዘባቸው 43,000 ገደማ ሆነ። አንደኛው ደንግጦ አወጣና በ4 በመቶ ወለድ አስቀመጠ። ከአራት ዓመት በኋላ 50,000 ገደማ አለው። ሁለተኛው ምንም አላደረገም፤ ከአራት ዓመት በኋላ 100,000ው ተመልሶለታል። ብልህ ስለሆነ አይደለም፤ ስላልሮጠ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ያዙልኝ፦ 57 በመቶ የወደቀ ነገር ወደ ቦታው ለመመለስ 57 በመቶ መጨመር አይበቃውም፤ 130 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት። ፐርሰንት ስናስተምር «መነሻው ይለወጣል» እያልን የምንጮኸው ለዚህ ነው።

«እሺ፣ ቦንድ ግን አስተማማኝ ነው» የሚል አይጠፋም። ይህንንም እንየው። በማርች 2020 ኮሮና ሲመጣ ሰዎች ከቦንድ ፈንዶችም ሸሹ፤ በአንድ ወር ውስጥ ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ፈንዱ ለሚወጡት ሰዎች ገንዘብ ለመክፈል የያዘውን ቦንድ መሸጥ አለበት፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳል፤ ዋጋው ሲወርድ ሌላው ይደነግጣል፣ እሱም «መደቤን ስጡኝ» ይላል። በሩ ጠባብ ሆኖ ሰው ሲበዛ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ማርች 23 ቀን የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ቦንድ እገዛለሁ ብሎ ገባ፤ ገበያው ተረጋጋ፤ በነሐሴ አክሲዮኖች አዲስ ከፍታ ላይ ደረሱ። በመጋቢት የሮጠው ሰው አሁንም በማግስቱ ሸጠ።

2022 ደግሞ የባሰ ትምህርት ሰጠ። ማዕከላዊ ባንኩ ወለድን ከዜሮ አካባቢ ተነስቶ በዓመት ውስጥ ከ4 በመቶ በላይ አደረሰው። አክሲዮን 19 በመቶ ወረደ፣ አስተማማኝ የተባለው ቦንድም 13 በመቶ ገደማ ወረደ። ቦንድ እንዴት ይወርዳል? በሒሳብ ላሳያችሁ። የ1,000 ብር ቦንድ አለህ፣ በዓመት 10 በመቶ ወለድ ይከፍላል፣ ሊያልቅ አንድ ዓመት ቀርቶታል። መጨረሻ ላይ 1,100 ብር ትቀበላለህ። ነገ አዲስ ቦንድ በ20 በመቶ ወለድ ወጣ እንበል። ያንተን በ1,000 የሚገዛህ ማን ነው? ማንም። ገዢው 1,100 ብር ተቀብሎ 20 በመቶ እንዲያተርፍ ከፈለገ የሚሰጥህ 917 ብር ገደማ ብቻ ነው። ወለድ ሲወጣ የድሮ ቦንድ ዋጋ ይወርዳል፤ ወለድ ሲወርድ የድሮ ቦንድ ዋጋ ይወጣል። እስከ ቀኑ ድረስ ከያዝከው 1,100ህን ታገኛለህ፤ ዛሬ ካልሸጥኩ ካልክ ግን ትጎዳለህ። ስለዚህ «አስተማማኝ» የሚለው ቃል ብቻውን ትርጉም የለውም። ለመቼ አስተማማኝ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሞርኒንግስታር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ፈንዶች ያተረፉትን እና በፈንዶቹ ውስጥ ያሉ ሰዎች ያገኙትን በየዓመቱ ያነጻጽራል። ልዩነቱ በዓመት ወደ 1 በመቶ ገደማ ነው። ፈንዱ 7 ሲያተርፍ ሰውየው 6 ያገኛል፤ ምክንያቱ የገባበትና የወጣበት ጊዜ ነው። አንድ በመቶ ትንሽ ትመስላለች። 100,000 ብር በ7 በመቶ ለ30 ዓመት ቢቀመጥ 761,000 ገደማ ይሆናል፤ በ6 በመቶ ግን 574,000። 187,000 ብር የወሰደ ሌባ የለም። ባለቤቱ ራሱ በመግባትና በመውጣት በተነው።

«ይሄ የአሜሪካ ጣጣ ነው፤ ዶዮገና ላለነው ምን ይጠቅመናል?» ትሉኝ ይሆናል። እንዲያውም ለእኛ ይብሳል እላለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ እኛ ሳናውቀው የቦንድ ሰዎች ነን። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ሁሉ፣ በየወሩ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ መንግሥት 11 በመቶ ይጨምርበታል። ያ ገንዘብ ለረጅም ዓመታት በብዛት የተቀመጠው በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነው፤ ያውም ከዋጋ ንረቱ በእጅጉ ያነሰ ወለድ እየተከፈለው። በዚህ ላይ ግድቡ አለ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲጀመር አስተማሪውም ገበሬውም ቦንድ ገዛ። ወለዱ እንደ ቆይታው ከ5.5 እስከ 6 በመቶ ነበር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ እንደ ዜጋ ማንም የሚቆጭ ያለ አይመስለኝም። ያ ቦንድ የተገዛው በፍቅር ነው፤ የፍቅር ሒሳብ በወለድ አይሰላም። ግን ፍቅርና ኢንቨስትመንት እንዳይምታታብን። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ባንክ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው። 10,000 ብር አስቀምጠህ 10,700 አወጣህ፤ ገበያው ውስጥ ግን በ10,000 የነበረው ዕቃ 13,000 ገብቷል። ገንዘብህ በቁጥር ጨመረ፣ በእህል ሲለካ ወደ 8,200 ወረደ። ማንም «ከሰርኩ» ብሎ አላለቀሰም፤ ምክንያቱም በደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር እየጨመረ ነው። አክሲዮን ሲወርድ ትጮሃለህ፤ ይሄኛው ግን ድምፅ ሳያሰማ ይበላሃል።

ሁለተኛ፣ ይህ ያቃጠለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ሮጧል። ወደ ቦታና ቤት። ከደቡብ አፍሪካ የሚላከው ብር ወዴት እንደሚሄድ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ዞራችሁ ብታዩ ይገባችኋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ ደግሞ ሩጫው ባሰ። ቦታ መግዛት መጥፎ ነው አልልም፤ ዋጋ ንረትን ብዙ ጊዜ ይቋቋማል። ግን ቦታ በችግር ቀን ተቆርሶ አይሸጥም። «ከዚህች ጥግ አምስት ካሬ ሸጬ እናቴን ላሳክም» አይባልም። ሁሉም ገዢ በነበረ ጊዜ በውድ የገባ፣ ሁሉም ሻጭ በሆነ ጊዜ መውጫ ያጣል። እዚያ ማዶ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ሱቅ ውስጥ ነፍሳችሁን አስይዛችሁ ያመጣችሁትን ገንዘብ ጠቅላላውን አንድ ቦታ ላይ ስትቀብሩት ዝም ብዬ ማየት ይከብደኛል።

ሦስተኛ፣ አዲሱ ገበያ ገና መከፈቱ ነው። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን ይገበያይ ነበር፤ ደርግ ሲመጣ ቆመ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። አዋጁ ለጋራ የኢንቨስትመንት ፈንዶችም በር ከፍቷል። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም የ10 በመቶ ድርሻውን 100 ሚሊዮን አክሲዮን አድርጎ አንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ዝቅተኛው 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር ነበር። የገዛው ሰው ከ47,000 ትንሽ ይበልጣል፣ የተሸጠው ደግሞ 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን፣ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። አንዳንዱ ይህን አይቶ «ሰው አልፈለገውም፣ ስለዚህ አያዋጣም» አለ። ሌላው ደግሞ ነገ ዋጋው ሲጨምር «ሰው ሁሉ እየገዛ ነው፣ ስለዚህ ያዋጣል» ይላል። ሁለቱም ያዩት ሰውን ነው። ድርጅቱ ምን ያህል አተረፈ፣ ለባለአክሲዮን ምን ያህል ከፈለ፣ ለመሸጥ ብፈልግ እንዴት እሸጣለሁ ብሎ የጠየቀው ስንቱ ነው?

የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አሜሪካኖች መቶ ዓመት ተገበያይተውበት፣ ትምህርቱ ተትረፍርፎላቸው፣ አሁንም በዋዜማ ይገዛሉ፣ በማግስቱ ይሸጣሉ። እኛ ደግሞ ገበያው ሲከፈት የምንገባው በቲክቶክ ወሬና በጎረቤት ምክር ከሆነ የመጀመሪያው መውደቅ ሲመጣ ምን ልንሆን ነው? ገበያ ደግሞ መውደቁ አይቀርም፤ የማይወድቅ ገበያ እስካሁን አልተፈጠረም። ያኔ «አክሲዮን የሌባ ነው» ብለን አንድ ትውልድ ሙሉ ጀርባችንን እንዳንሰጥ እፈራለሁ።

የሚገርመው፣ መፍትሔው ከአያቶቻችን ጓሮ የራቀ አይደለም። የእኛ ሰው ቤት ኋላ እንሰት አለ፣ ከፊት በግ አለ። እንሰት ቀስ ብሎ በዓመታት ይደርሳል፣ ዝናብ ሲያጥር ይቋቋማል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ተፍቆ ቆጮ ይሆናል። በግ ይወልዳል፣ ይበዛል፣ ገበያ ላይ ጥሩ ያወጣል፤ በሽታም ይጨርሰዋል። እንሰቱ ቦንድ ነው፣ በጉ አክሲዮን ነው በሉት። አባቶቻችን የበግ ዋጋ ጨመረ ብለው እንሰታቸውን ነቅለው በግ አልገዙም። በጎቹ ሞቱ ብለውም በግ ማርባት አልተዉም። ሁለቱንም ያዙ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቀን እንዳለው ያውቁ ነበር። ዛሬ የባሕር ዛፍ ዋጋ ጥሩ ነው ተብሎ ጓሮው ሲመነጠር ሳይ፣ በስልካቸው ከፈንድ ፈንድ የሚዘሉት ሰዎች ትዝ ይሉኛል። በሽታው አንድ ነው።

እዚህ ላይ የሚቀርብብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ቲቸር፣ መጠበቅ የሚችል ሀብታም ነው። ድሃ የሚሸጠው ስለደነገጠ አይደለም፣ ስለቸገረው ነው።» ትክክል ነው። በበዓል ማግስት በጉን በቅናሽ የሚሸጠው ገበሬ ሒሳብ ስላልገባው አይደለም፤ የልጁ መታወቂያ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ስላለበት ነው። በ2008ም ከአክሲዮን ከወጡት ውስጥ ሥራቸውን ያጡ ብዙዎች ነበሩ። ስለዚህ በእኔ እምነት የመጀመሪያው ኢንቨስትመንት አክሲዮንም ቦንድም አይደለም። የክፉ ቀን ገንዘብ ነው። የሦስት ወር፣ ከተቻለ የስድስት ወር ወጪ፣ ዋጋ ንረት ትንሽ ቢበላውም በቀላሉ የሚወጣበት ቦታ ይቀመጥ። እድራችሁን አትተዉ። እቁባችሁን አትናቁ። የመስቀል በሬ ዓመቱን ሙሉ እየተጠራቀመ የሚገዛው፣ ሴቶቻችን የቅቤ እቁብ የሚጥሉት በዋዜማ ገበያ ላለመጨነቅ ነው። መሳላ ሲደርስ ተበድሮ በሬ የሚገዛና ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመ እኩል አይደሉም። እድርና እቁብ ትርፍ ባያመጡም፣ ሌላውን ሀብትህን በመጥፎ ቀን እንዳትሸጥ ይጠብቁሃል። ይህ ራሱ ትርፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሌላው የሚኬደው። የማምንባቸውን ባጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ገንዘቡን በቀኑ ክፈሉት። በመጪው መስከረም ለልጅ ትምህርት የምትፈልገው ብር አክሲዮን ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ጣሪያ የምትመታበት ብር ወለድ የሚያስገኝ፣ ቀኑ የታወቀ ቦታ ይቀመጥ። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የማትነካው ካለህ ደግሞ የባለቤትነት ድርሻ፣ አክሲዮንም ሆነ ሌላ፣ ይመጥነዋል። ከአክሲዮን ወደ ቦንድ መዛወር ካለብህ የሚያዛውርህ የራስህ ቀን መቅረብ ይሁን። ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ማዛወር ማስተዋል ነው። ገበያው ስለወደቀ ማዛወር ግን የማግስቱ ሽያጭ ነው።

ሁለተኛ፣ ሁሉንም አንድ ቦታ አታድርጉ። ገበያ ሲወድቅ ታገሡ ስል አንድ የሚሞት ድርጅት ታቅፋችሁ ቆዩ ማለቴ አይደለም። የብዙ ድርጅቶች ገበያ ወድቆ ይነሳል፤ አንድ ድርጅት ግን ወድቆ ሊቀር ይችላል። ሌማን ብራዘርስ አልተነሳም። የቅርጫው ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ።

ሦስተኛ፣ ያወጣችሁትን ድርሻ በዓመት አንድ ቀን ብቻ አስተካክሉ። ግማሽ በግማሽ ብለህ ጀምረህ አክሲዮኑ አድጎ ሰባ በመቶ ከሆነ ትንሽ ሽጠህ ወደ ግማሽ መልሰው። ቦንዱ ካመዘነም እንዲሁ። ይህ በዋዜማ መሸጥና በማግስቱ መግዛት ነው፤ ያውም ትንቢት ሳያስፈልግህ።

አራተኛ፣ ገንዘባችሁን ለሚቀበል ሁሉ ሦስት ጥያቄ አቅርቡ። ፈቃድ የሰጠህ ማነው? ገንዘቤን በእጁ የሚይዘው ማነው? መውጣት ብፈልግ በስንት ቀን፣ በምን ዋጋ ትመልስልኛለህ? ሦስቱን ያልመለሰ ሰው፣ የአክስትህ ልጅም ቢሆን፣ ገንዘብህን አትስጠው። «በወር እጥፍ» የሚሉትን የስልክ ላይ ጉዶች ደግሞ ጥያቄም አታባክኑባቸው።

ለሚመለከታቸውም አንድ ቃል አለኝ። ገበያውን የሚቆጣጠሩትና አክሲዮን የሚሸጡት ሁሉ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ በሚደረግ ስብሰባ ብቻ ሕዝቡን አስተማርን እንዳይሉ። ትርፉን በትልቁ፣ ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ በትንሹ የሚጽፍ ማስታወቂያ ትምህርት አይደለም። በከምባትኛም በሀዲይኛም፣ እናቶቻችን በሚገባቸው ቋንቋ፣ «ዋጋው ሊወርድም ይችላል» የሚለው አረፍተ ነገር በግልጽ ይነገር። ትምህርት ቤት ውስጥም ፐርሰንትና የወለድ ሒሳብ ስናስተምር ምሳሌያችን ከእንሰቱ፣ ከበጉ፣ ከእቁቡ ይሁን። ልጁ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲወጣ 7 በመቶ ወለድ በ30 በመቶ ንረት ውስጥ ምን እንደሚሆን ካላሰላ፣ እኛ አስተማሪዎች ምን አስተማርነው?

ሐሳብ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የምትቃወሙም ብትሆኑ ደስ ይለኛል። ኢንቦክስ የምትጠይቁኝ ልጆቼ ግን ከእንግዲህ «ሰው ወዴት እየሄደ ነው?» ብላችሁ ብትጽፉልኝ የምመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ አንተስ ገንዘቡን መቼ ትፈልገዋለህ? አንቺስ? ቀኑን ጻፉልኝ፣ ከዚያ አብረን እናሰላለን።

ሰላም ሁኑልኝ።